ምስጋና ለጥቁሯ ክብ አርበኞች

እሰይ፣ የዕቅድ ወቅት መጣልን! ሰሞኑን ስልኩን የከፈተ ሁሉ ተደርድሮ የጠበቀው ያው ነው፤ «የዘንድሮ ግቦቼ»። አንደኛ ክብደት መቀነስ፣ ሁለተኛ በጊዜ መተኛት፣ ሦስተኛ 24 መጽሐፍ ማንበብ፣ አራተኛ የኢንተርኔት ሳንሱር ሕጎችን መታገል፣ አምስተኛ የፊት ቆዳን መንከባከብ። ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት በመጽሐፍና በፊት ቅባት መካከል እንዲህ ያለ የተመቸ መቀመጫ አግኝቶ አያውቅም። ላሰቡለት ሁሉ ምስጋና ይግባቸው።

አራተኛዋን ግብ ለብቻዋ ላወድሳት እፈልጋለሁ። ክብደት ሚዛን አለው፤ ያሳጣል። መጽሐፍም ገጽ አለው፤ መግቢያው ላይ ታጥፎ የቀረው ቅጠል ይመሰክራል። ሳንሱርን መታገል ግን ሚዛን የለው፣ ገጽ የለው፤ «ታግያለሁ» ያለ ታግሏል። ጎበዝ ባለዕቅድ ደግሞ ይህን ግብ ዓመቱን ሙሉ አያንጠለጥለውም። በመጀመሪያው ቀን ይጨርሰውና ምልክት ያደርግበታል። እንዴት? ፕሮፋይል ፎቶውን በማጥቆር።

ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ አልሞከረውም ማለት ነው። በመጀመሪያ የትኛው ጥቁር? ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም ዜሮ የሆነበት ድፍን ጥቁር ነው ወይስ ወደ ግራጫ የሚያደላው? ድፍኑ ኦሌድ ስክሪን ላይ ነጥቦቹን ጭራሽ ያጠፋቸዋልና ባትሪ ይቆጥባል። (ጭቆናን እየታገለ ባትሪ የቆጠበ ትውልድ ከእኛ በፊት አልታየም።) ቀጥሎ ልኩ፤ 1080 በ1080 ፒክስል፣ አራቱም ጎን እኩል። ከዚያ መፈክር ያስፈልጋል፤ ባዶውን ከተለጠፈ «ምነው፣ ማን ሞተ?» እና «ነፍስ ይማር» ይጎርፋል። ስለዚህ በነጭ ፊደል «ፈጽሞ ዝም አንልም» ይጻፋል። የት? መሃሉን ባለዕቅዳችን ለተሰበረው ሰንሰለት ሥዕል ይፈልገዋል፤ መፈክሩ ታች ጠርዝ ላይ ይሁን። ጉዱ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። አራት ማዕዘኑን ሥዕል መድረኮቹ በክብ ይቆርጡታል። ክብ ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ ይጠባል፤ ግራና ቀኙ ይሄዳል። «ፈጽሞ» ሄደ፣ «አንልም»ም ሄደ። ከሰንሰለቱ ሥር በደማቅ ነጭ የቀረው «ዝም» ነው።

ባለዕቅዳችን ይህን የሚያየው ዘመድ አዝማድ ላይክ አድርጎ ከጨረሰ በኋላ ነው። ያወርደዋል፤ ፊደሉን ያሳንሰዋል። አሁን ክቡ አልቆረጠውም፤ ግን ከአስተያየት ጎን የምትታየው ፎቶ የጥፍር ታህል የለችምና መፈክሩ የአቧራ መስመር መሰለ። ሰንሰለቱን ሠውቶ መፈክሩን መሃል ያመጣዋል። ሲጭነው መድረኩ ሥዕሉን ይጨምቀውና በፊደሎቹ ዙሪያ ግራጫ ጭጋግ ያበቅልበታል። ጄፔጉን ትቶ በፒኤንጂ ያስቀምጠዋል፤ ትንሽ ይሻላል። በዚህ መሃል ግሩፑ ውስጥ አንዱ «ነጩ አይነካም፣ ቀይ ይሁን» ይላል። ጥልቅ ቀይ በጥቁር ላይ እንደማይነበብ ሌላው በስክሪንሾት ያስረዳል። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል፤ ሁለት አባላት ተቀይመው ከግሩፑ ይወጣሉ፤ አንዱ የራሱን ግሩፕ በቢጫ ፊደል ይመሠርታል። በመጨረሻ ሃሽታግ ይታከላል። ይህም ታሪክ አለው፤ ጁን 2 ቀን 2020 ጥቁር ካሬዎች ለጥቁሮች መብት የወጡ ሰልፈኞች መረጃ በሚቀባበሉበት ሃሽታግ ሥር በገፍ ተለጥፈው መረጃውን ከሥራቸው ቀብረውት ነበር። እንዲህ ያለውን አገልግሎት ሳንሱር አድራጊ ከፍሎ እንኳ አያገኘውም።

መቼም ጥቁሩ ያለ አባት የተወለደ አይደለም። ጃንዋሪ 18 ቀን 2012 እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ገጹን አጥቁሮ 24 ሰዓት ዋለ። ምክንያቱ በአሜሪካ ኮንግረስ የቀረቡት ሶፓና ፒፓ የተባሉ ረቂቆች ነበሩ፤ የቅጂ መብት ይጥሳሉ የተባሉ የውጭ ድረ ገጾች በዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ በሚተረጉመው ማውጫ) እንዲታገዱ፣ ከፍለጋ ውጤት እንዲወጡ፣ የክፍያ መስመራቸው እንዲቋረጥ የሚሉ። ከሁለት ቀን በኋላ የድምፅ መስጫው ቀጠሮ ተገፋ፤ ረቂቆቹም በዚያው ቀሩ። ጥቁሩ ገጽ ግን ጥቁር ብቻ አልነበረም። ላዩ ላይ ሳጥን ነበረው፤ አሜሪካዊው አንባቢ የፖስታ ኮዱን ሲያስገባ የወኪሎቹ አድራሻ ይመጣለታል። በዚያ ሳጥን ከ8 ሚሊዮን በላይ ፍለጋ ተደረገ፤ የኮንግረስ ቢሮዎች በስልክና በኢሜይል ተጥለቀለቁ። አርበኞቻችን ጥቁሩን ወረሱ፣ ሳጥኑን ጣሉት። አይፈረድባቸውም፤ ስልክ መደወል ያሳፍራል፣ ሰው ያነሳዋል።

ሁለተኛው ተመስጋኝ «እኔ ቪፒኤን አለኝ» ባዩ ነው። (ቪፒኤን ግንኙነትን ሸፍኖ በሌላ አገልጋይ በኩል የሚያሳልፍ መሣሪያ ነው።) ረቂቅ ወጣ ሲባል «ቪፒኤን አለኝ»፤ ጸደቀ ሲባል «ቪፒኤን አለኝ»። እገዳው በዲኤንኤስ ብቻ ከሆነ ቪፒኤንም አያስፈልገው፤ ስልኩ ስም የሚጠይቅበትን አገልጋይ ቢቀይር ይበቃዋል። የሚጎበኘውን ድረ ገጽ ስም ከግንኙነቱ መክፈቻ ላይ፣ ከኤስኤንአዩ፣ እያነበቡ የሚዘጉ ከሆነ ቪፒኤን ወይም ግንኙነቱን በብዙ አገልጋዮች አዙሮ የሚደብቀው ቶር ያዋጣዋል። ራሱን ቪፒኤኑን ለይተው የሚያግዱ ከሆነ ደግሞ እንደ ስኖውፍሌክ ያለ ግንኙነቱን ሌላ የሚያስመስል መሣሪያ ያስፈልገዋል። ግብፅ ጃንዋሪ 28 ቀን 2011 እንዳደረገችው መሥመሩ ከነጭራሹ ሲነቀል ግን ቪፒኤን ስልክ ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነው።

የእኛ ሰው የመረጠው በነፃ የሚገኘውን ነው። መተግበሪያው ሲከፈት የስልክ ማውጫውንና የሚገኝበትን ቦታ ይጠይቀዋል፤ እሱም «ፍቀድ»፣ «ፍቀድ» እያለ ያልፋል። ከመንግሥት የደበቀውን መንገድ ባለቤቱን ለማያውቀው ኩባንያ አስረከበ ማለት ነው። አጫጫኑን የሚያስረዳውን ጽሑፍ ያስቀመጠውስ የት ነው? መጀመሪያ በሚዘጋው ድረ ገጽ ላይ። ሁለት የታወቁ መሣሪያዎችን ቀድሞ ጭኖ ማደስ፣ የመጫኛ ፋይሉን ከሠሪው ገጽ አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ፣ የትኛው ገጽ በምን ዘዴ እንደተዘጋ ኦኒ ፕሮብ በተባለው የእገዳ መለኪያ መተግበሪያ ለክቶ መመዝገብ፤ ይህ ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃው ነበር። ያ ከሰዓት ግን ለቀይና ነጩ ክርክር ተይዟል።

ደግሞስ ቪፒኤን የተዘጋ ገጽ ይከፍታል እንጂ የእስር ቤት በር አይከፍትም። እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁመው። ሕንድ ውስጥ 66ሀ የሚባል አንቀጽ ነበር። በኢንተርኔት «ክፉኛ የሚያስቀይም» ወይም ሐሰት መሆኑን እያወቀ ሰውን «የሚያበሳጭ» መልእክት የላከ እስከ 3 ዓመት ይታሰር ይላል። ዲሴምበር 2008 ላይ፣ ሰው የዓመት ግቡን በሚዘረዝርበት ወር፣ ፓርላማው ሳይከራከርበት አጸደቀው። ኖቬምበር 2012 ሙምባይ አቅራቢያ ሁለት ወጣት ሴቶች በዚሁ አንቀጽ ተያዙ፤ አንዷ ፌስቡክ ላይ ስለጻፈች፣ ሌላዋ ላይክ ስላደረገች። ላይክ ስላደረገች! ሰው በአንዲት ጣት ንክኪ ፖሊስ ጣቢያ በሚያድርበት ዓለም፣ ያችኑ ጣት አንስቶ «የዓመቱን ትግሌን ጨረስኩ» የሚል ሰው ያንገሸግሸኛል። «የሚያበሳጭ» የሚል ቃል ሕግ ውስጥ የሚከትት አርቃቂማ የሚያደርገውን ያውቃል። ነገ የሚበሳጨው ማን እንደሆነ ያውቃል። ያችን ቃል ከመጽደቋ በፊት የሚያነባት ሰው እንደማይኖርም ያውቃል፤ የሚተማመነውም በዚሁ ነው።

አንቀጹን ፍርድ ቤት ወስደው ከተከራከሩት አንዷ ወጣት ሴት ነበረች። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማርች 24 ቀን 2015 ሙሉ በሙሉ ሻረው። የተሻረውም ቃሎቹ ልክ የሌላቸው ስለሆኑ ነው። ስንት ጥቁር ክብ እንደተለጠፈ ውሳኔው ውስጥ አልተጠቀሰም፤ ዳኞቹ ረስተውት ይሆናል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ረቂቅ አለማንበብን የመሰለ ጤና የሚጠብቅ ልማድ የለም። አነበብኩ ያለ ሰው መጀመሪያ ትርጓሜው ላይ ይደናቀፋል፤ «ጎጂ ይዘት» ማለት ምን ማለት ነው? ከዚያ ወሳኙን ይፈልጋል፤ ይነሣ የሚለው ዳኛ ነው ወይስ ቢሮ? ከዚያ ሰዓቱን። ጀርመን በ2017 ባወጣችው ሕግ ወንጀልነቱ ግልጽ የሆነ ጽሑፍ በ24 ሰዓት ይነሣ የሚለው የጊዜ ገደብ፣ አሠራሩን ያልዘረጋ መድረክ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ከሚያስቀጣ ድንጋጌ ጋር ተያይዞ ነበር። ቅጣቱ አለማንሣት ላይ ብቻ ከሆነ ኩባንያው የተጠራጠረውን ሁሉ ይጠርጋል፤ ያለ አግባብ ስላነሣው የሚቀጣው የለማ። ፈረንሳይ ተመሳሳይ የ24 ሰዓት ሕግ አጽድቃ፣ ሴናተሮች ወደ ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ወሰዱት፤ ጁን 18 ቀን 2020 ዋናው ድንጋጌ ወደቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው፤ ዳኛ ሳያየው በዚያች አጭር ሰዓት ሁሉን ማንሣት ያበረታታል። ይግባኙስ? ሕጉ የሚያበቃበት ወይም የሚገመገምበት ቀንስ? አያችሁ፣ ሰው ይህን እያነበበ በጊዜ መተኛት አይችልም፤ ሁለተኛው ግብ ይበላሻል።

አስተያየት መጻፉማ የባሰ ነው። «ሕጉን አንፈልግም» ብሎ የተላከ ደብዳቤ ከሺህ ወንድሞቹ ጋር ባንድ ረድፍ ይመዘገባል፤ ተገልብጦ የተላከ ከሆነማ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይታያል። የሚያስቸግራቸው አንቀጹን በቁጥር ጠርቶ፣ «ይህ ሐረግ ይውጣ፣ በምትኩ ይህ ይግባ» ብሎ፣ በአንድ ገጽ ምክንያቱን ያስቀመጠው ነው። ምክንያቱንም ከራሱ መፍጠር አይጠበቅበትም። የዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 ገደብ በሕግ ይደንገግ፣ ለተዘረዘሩት ዓላማዎች ይዋል፣ አስፈላጊም ይሁን ይላል፤ እያንዳንዱን አንቀጽ በሦስቱ መመዘን ነው። ከመዝጊያው ቀን በፊት አስገብቶ የተቀበሉበትን ማረጋገጫ ማስቀመጥ። «በዚህ ዓመት 1 ረቂቅ አንብቤ 1 አስተያየት አስገባለሁ» የሚል ግብ ግን ዝርዝሩ ላይ አያምርም፤ ቁጥሩ ያንሳል፣ ሳይፈጸም ቢቀርም ይታወቃል።

የአርበኞቻችን እውነተኛ ቀን ሕጉ የጸደቀ ዕለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች ይኖራሉ፤ አትስሟቸው። በዚያን ዕለት በፊት ለፊት ካሜራ፣ ዓይን ቀልቶ፣ ድምፅ ተሰብሮ፣ «ማንም አልጠየቀንም!» ይባላል። ረቂቁ ለሳምንታት ለአስተያየት ተሰቅሎ ነበር። ማስታወቂያውንም ባዩ ራሱ ሼር አድርጎት ነበር፤ ከሥሩ «በሰፊው ይነበብ» ብሎ ጽፎበት።