ለተከታታይ ድራማው ቁጡ አባት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የድራማው አባት፣
ባሉበት፣ ማለትም በየሳሎናችን ግድግዳ ላይ

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጥያቄው ለወጉ ያህል የቀረበ አይደለም። ልጅዎ «የምወደው ሰው አለ» ባለች ቁጥር ደረትዎን ይዘው ሶፋው ላይ ስለሚወድቁ፣ ስንት ጊዜ ሆስፒታል እንደገቡ መቁጠር ትተናል። ሕመምዎ ምን እንደሆነ ተነግሮን አያውቅም፤ ብቻ ልጅዎ አልቅሳ ይቅርታ ስትጠይቅ ግሉኮሱ ከክንድዎ ይነቀላል።

«ያለ እኔ ፈቃድ አታገቢም!» እያሉ ጠረጴዛ የሚደበድቡበት ምሽት በተለይ ያሳስበኛል። ልጅዎ ደመወዝተኛ ናት፤ ዕድሜዋም 18 ካለፈ ቆይቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የሚጠይቀው የተጋቢዎቹን ነጻና ሙሉ ፈቃድ እንጂ የአባትን ፊርማ አይደለም። እርስዎ የሚናፍቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን የተጋቢዎችን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ባልተሰጠዎ ሥልጣን ይህን ያህል ባይደክሙ ለልብዎም ይበጅ ነበር።

«በእኛ ዘመን ትዳር አንዴ ነው!» የሚሉትንም ከአያቶቻችን ጋር ተቀምጠን ስንሰማ እናፍራለን። በእርስዎ ዘመን በብዛት የነበረው የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት በውል ታስሮ፣ ሳይሆን ሲቀርም በሽማግሌ ፊት ንብረት ተካፍሎ የሚፈታ ነበር። የማይፈታው የቁርባን ጋብቻ በአብዛኛው የካህናትና በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበር። ከአንድም ሁለት ሦስት ባል ፈትተው፣ የድርሻቸውን በሬ እየነዱ ወደ አባታቸው ቤት የተመለሱ ሴት አያቶች እርስዎን እያዩ ከንፈራቸውን የሚመጡት በሐዘን እንዳይመስልዎ።

አንድ ቀን ከስክሪኑ ወርደው ሽማግሌ የተላከበት ቤት ቢገቡ፣ ትወና ምን እንደሆነ ይማሩ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ። ከትናንት ጀምሮ የተቁላላው የዶሮ ወጥ ሽታ ደረጃውን ሞልቶት እያለ፣ አባትየው ፊቱን ኮስተር አድርጎ «በደህና ነው የመጣችሁት?» ይላል። የልጁን የትውልድ ሐረግ አክስትየዋ እስከ ሰባት ቤት በስልክ ቆጥራ ጨርሳለች፤ እናትየዋ ነገሩን ካወቀች ዓመት አልፏታል፤ የአዳራሹ ቀብድም ተከፍሏል። አባትየው ግን ጉሮሮውን ጠርጎ «ከዘመድ ተማክረን፣ ልጅቷንም ጠይቀን መልስ እንሰጣችኋለን» ብሎ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይሰጣል። ማንም አይስቅም፣ ማንም ደረቱን አይይዝም።

ልጅዎም ብትሆን ከእርስዎ አትሻልም። «ጋብቻ ኋላ ቀርነት ነው» እያለች በር ወርውራ ትወጣለች። እኛ የምናውቃቸው እኩዮቿ ግን ፍቅረኛቸውን «ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» እያሉ መውጫ መግቢያ ያሳጡታል። (የሚዜዎች ልብስ ቀለም ያጣላቸውን ጓደኛሞች እዚህ አላነሳም፤ እሱ ራሱን የቻለ ተከታታይ ድራማ ይወጣዋል።)

እንጣላ ካሉ መጣያ አልጠፋም። ልጆቹ ጠባብ አዳራሽ ተከራይተው ጥቂት ሰው ብቻ ይጠራ ሲሉ፣ እርስዎ «ሐዘኔን የተቀመጠ የእድር ሰው እንዴት ይቀራል?» ብለው ይነሡ። ሠርጉ ለጥር ይሁን ወይስ ከፋሲካ በኋላ በሚለው ላይ ሙሉ አንድ ክፍል ይኮራረፉ። ያኔ ድምፁን ቀንሰን ሳይሆን ጨምረን እናይዎታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ራቱን በጩኸትዎ የሚበላ ተመልካች

ግልባጭ፦
ለድራማው ደራሲ
ለልብ ሐኪምዎ
ከበር ኋላ ቆማ ሁሉን ለምትሰማው የቤት ሠራተኛዎ (ወጡ እያረረ ነው)