ቦርከና የጓዳችን ማፍሰሻ አይደለም

የደሴ ሰዎች፣ ዛሬ የምወቅሰው እኛኑ ነው።

ስለ ፋብሪካ ሲነሳ ድምፃችን ከፍ ይላል። ኮምቦልቻ ላይ ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች በፋብሪካ ፍሳሽ መበላሸታቸው ያናድደናል። ልክ ነው፣ ሊያናድደን ይገባል። ግን ሲመሽ በፌስታል ቋጥረን ዲች ውስጥ የምንጥለው የድንች ልጣጭ፣ የጠወለገ ጎመንና የሻገተ እንጀራ የት የሚቀር ይመስለናል? ከተማችን ቁልቁለት ላይ ናት። የጣልነው ሁሉ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ከእኛ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ነው ያለችው። የቦርከና ወንዝ እኛን አልፎ ወደ እሷ ይሄዳል፣ ከዚያ ጨፋ ሜዳ ይገባል፣ መጨረሻው አዋሽ ነው። በበጋ ጨፋ ላይ የኦሮሞው፣ የአፋሩና የአማራው ከብት ይግጣል፤ ከዚያው ውሃ ይጠጣል። እኛ ላይኞቹ ነን። የታችኛው ሰው ውሃ በእጃችን ነው።

“ክረምት ሲገባ ጎርፉ ይወስደዋል” የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉ። ጎርፍ ቆሻሻ አያጠፋም። ከእናንተ ደጅ አንስቶ ሌላ ሰው ደጅ ላይ ያራግፈዋል።

“ይበሰብስ የለም ወይ?” የሚልም አይጠፋም። መበስበሱን ይበሰብሳል፤ ግን ሁሉም መበስበስ አንድ አይደለም። የምግብ ትርፍ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ውሃ ውስጥ ያለ ነፍስ ሁሉ ይታፈናል። ተከምሮ አየር ሲያጣ ደግሞ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል፤ በ20 ዓመት ሲሰላ 80 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ክምሩ ሰውም ይገድላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የተናደው የቆሻሻ ተራራ ከ110 በላይ ሰዎችን ጨርሷል። ገደል አፋፍ ላይ የምንኖር ሰዎች ይህን መርሳት አልነበረብንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ልጣጩን ለትል እንስጠው። የግብርና ሰዎች ቨርሚ ኮምፖስት ይሉታል። ሥራውን የሚሠራው ኢሴኒያ ፌቲዳ የሚባል ቀይ ትል ነው። እበትና የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ የሚኖር እንጂ መሬት በጥልቀት የሚቆፍር አይደለም። ሲመቸው በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል። 1 ኪሎ ትል ግማሽ ኪሎ ልጣጭ ጨረሰ ማለት ነው። እየበላ ሲሽሎከሎክ ክምሩ አየር ያገኛል፤ አየር ባለበት ደግሞ ሚቴን ቦታ የለውም። ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ከግማሽ የማይበልጠው ይቀራል። የሚቀረውም የማይሸት ጥቁር አፈር ነው።

አፈር ለወሎ ሰው ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። 66ንና 77ን ያሳለፉ ሽማግሌዎች በየቤታችን አሉ። ተዳፋቱ እርሻችን በየክረምቱ ይታጠባል። በ1970ዎቹ ማይባር ላይ የአፈር መሸርሸር የሚለካበት ጣቢያ የተተከለው በከንቱ አልነበረም። ገበሬው ማገዶ ቢያጣ እበቱን ኩበት አድርጎ ያነደዋል። ዩሪያው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ መርከብ ተጭኖ ይመጣል። እኛ ደግሞ ወደ መሬት መመለስ የነበረበትን ነገር ገንዳ ውስጥ እናጉረዋለን፤ ሲሞላ ዲች ውስጥ። ይህ ብክነት ነው፣ ነውርም ነው። የትል አፈር ውሃ ይይዛል፣ መሬቱን ያያይዛል፣ በጎርፍ ቶሎ አይታጠብም። ዩሪያን ሙሉ በሙሉ ይተካል ግን አልልም። ለስንዴ ማሳ የሚበቃ ከጓዳ አይወጣም። ለጓሮ ጎመን፣ ለድንች፣ ለቃሪያ ይበቃል፤ ይተርፋልም።

“ትል ቤቴ አይገባም” የምትሉ እናቶቼ፣ አብሽሩ። ጨለማና እርጥበት እስካገኘ፣ ምግቡም እስካለ ድረስ ከሳጥኑ ወጥቶ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። አይጥና ዝንብ የሚጠራው ደጃችሁ ላይ የተከመረው ነው።

ወዲህ ደግሞ የምትቸኩሉ አላችሁ። ትል ሥራ ነው ሲባል ሰምታችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ ሳጥን ውስጥ የምትገለብጡ፣ ስሙኝ። በደንብ ያልተያዘ ትል አካባቢን ይጎዳል። ምግብ ሲበዛበትና ውሃ ሲቋጥር አየር ያጣል፤ ሚቴኑ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝም ይወጣል፤ እሱ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል። ኮምጣጣ ሽታ ከሸተታችሁ መመገብ አቁሙ፣ የተቀዳደደ ካርቶንና ጭድ ጨምሩ። የሰውና የውሻ ዓይነ ምድር አትጨምሩ። የትል ክምር እንደሌላው ኮምፖስት በጣም ስለማይግል በሽታ አምጪውን ለመግደል አይታመንም። የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭማ ጭራሽ አይታሰብም። በውስጡ ያለውን ክሮምየም የሚባል ብረት ትሉ አያጠፋውም፤ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ ጎመናችሁ ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ የመጣ ትል ጦሳም ሆነ የጎፍ ደን ውስጥ ወስዳችሁ አትበትኑ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በጥንት በረዶ ምክንያት ትል ያልነበረባቸው ደኖች አሉ። ከአውሮፓ የገቡ ትሎች የደኑን የቅጠል ንጣፍ በልተው ከሥሩ የሚበቅሉትን ዕፅዋት ጎድተዋል። የእነሱ ትል ሌላ ዓይነት ነው፤ ደናቸውም ከእኛ ይለያል። ቢሆንም ያለችን ደን ትንሽ ናት፤ መሞከሪያ አናድርጋት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የእንጨት ሳጥን ወይም ታችና ጎኑ የተበሳሳ ባልዲ ይበቃል። ከሥር ካርቶንና የቆየ እበት፣ በላዩ ትሉ፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ልጣጭ። እርጥበቱ ሲጨመቅ ጠብ ጠብ ብቻ የሚል ይሁን። ሥጋ፣ ቅባት የበዛበት ወጥና ጨው አይስማማውም። የሚመቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጆንያ አልብሱት፣ ኮምቦልቻ ላይ ጥላ ሥር አኑሩት። ትሉን ከየት እንደምታገኙ የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ሆቴሎች፣ ጁስ ቤቶች፣ የሰኞ ገበያ አትክልት ነጋዴዎች፣ ከሁሉ የበዛው የእናንተ ነው። አንድ ቤት በቀን ከሚጥለው እናንተ በቀን የምትጥሉት ይበልጣል። ቦታውም ጉልበቱም አላችሁ፤ “ጊዜ የለንም” አትበሉ። ትሉ እስኪገኝ እንኳ እርጥቡን ከደረቁ ለዩ። ቆሻሻ የሚያነሱት ሴቶች ልጣጩን፣ ጠርሙሱንና ምላጩን አንድ ላይ ነው የሚሸከሙት። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ልጣጩ ለብቻው ይቀመጥ፤ ብርጭቆ ሲሰበር ደግሞ ካርቶን ውስጥ ጠቅልላችሁ ስጧቸው።