ለክቡር የሰርቭ መለኪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር መለኪያ ሆይ፦

ባለፈው እሁድ በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ፣ በባድሜንተኑ ግጥሚያ ሦስተኛ ጨዋታ ላይ 19 ለ 20 እየተመራሁ ሰርቭ ላደርግ፣ ማለትም የመክፈቻውን ምት ልመታ ስዘጋጅ ክቡርነትዎ ከመረቡ ምሰሶ አጠገብ ቆመው ነበር። ቁመቴ 1 ሜትር ከ88 ነውና ላባዋን ኳስ ሕጉ እንደሚያዘው ከወለሉ ከ1 ሜትር ከ15 በታች ለመምታት ጉልበቴን አጥፌ፣ በመሥሪያ ቤት መስኮት ቀዳዳ አፉን አስገብቶ «እባክዎ» እንደሚል ባለጉዳይ አጎነበስኩ፤ በዚህ አቋም የብዙ ዓመት ልምድ አለኝ። መታሁ። የሰርቭ ዳኛው እጁን ዘረጋ፤ ጥፋት ተባለ፣ ግጥሚያውም በዚያው አለቀ። ያሸነፈኝ የ14 ዓመት ልጅ «አይዞዎት ጋሼ» አለኝ።

ዳኛውን ብጠይቀው «እኔ ምን ላድርግ፣ መለኪያው ነው» ሲል መለሰልኝ። ይህችን ቃል አንባቢ ሁሉ ያውቃታል፤ «ሲስተሙ ነው» የምትባለው ታላቅ እኅቷ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ አሳድጋናለች።

ክቡርነትዎን አልንቅም። በአውሮፓውያኑ 2018 እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ሕጉ ላባዋ ከመቺው የመጨረሻ የጎድን አጥንት በታች ትሁን ይል ስለነበር፣ ዳኛው በሹራብ ውስጥ የተሸሸገ አጥንት በዓይኑ ሲያስስ ይውል ነበር፤ ግምት ነበር፣ ግምት መሆኑን ግን ዳኛውም አይክድም ነበር። እርስዎ የተሠሩት ደግሞ ፊትና ኋላ ከቆሙ ሁለት ብርሃን አሳላፊ ሰሌዳዎች ሲሆን፣ ጥቁር መስመሮቻቸው ገጥመው አንድ የሚሆኑት የዳኛው ዓይን ልክ በመስመሩ ቁመት ላይ ሲውል ብቻ ነው። የእኛ አዳራሽ ክቡርነትዎ አንዱ ሰሌዳዎ ተሰብሯል። ዝቅተኛው ወንበር ስለጠፋም ዳኛው ቆሞ፣ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚያይብዎ፤ በዚያ አስተያየት ላባዋን ከጫማዬ ጫፍ ላይ ብመታት እንኳ ከመስመርዎ በላይ ትታያለች።

ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ሰውየው ጎንበስ ማለት ነበረበት! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለሕጉ ስል ወገቤን ስሰብር፣ የሚፈርድብኝ ሰው ጉልበቱን አጥፎ አንዴ ማየት ምን ያቅተዋል? ዓይኑን ያላመጣበትን ፍርድ ለፕላስቲክ አሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

(በተሰበረው መስኮት የሚገባው የጣና ነፋስ 5 ግራም ገደማ የምትመዝነውን ላባ ወዴት እንደሚወስዳት ክቡርነትዎን አይመለከትም፤ ይሁን።)

በታላላቅ ውድድሮች የመስመር ኳስ ሲያከራክር ተጫዋቹ በካሜራ ይታይልኝ ይላል፤ እኛ ዘንድ ቅሬታ በቅጽ ነው። ቅጹ «ቅሬታ የቀረበበት ባለሙያ ስም» ይላል። ዳኛው «የወሰነው መለኪያው ነው፣ እኔን እንዳትጽፈኝ» ስላለኝ የክቡርነትዎን ስም አስፍሬያለሁ። ማክሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት በአካል ቀርበው መልስ እንዲሰጡ ተቀጥረዋልና፣ የተሰበረውን ሰሌዳዎንና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው እንዲመጡ በአክብሮት አሳስባለሁ።