«አይሞትም» የሚባል ሞተር ለምን ይሞታል?

ያገለገለ የናፍጣ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ምክር ሲጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው መልስ የሞተሩን ስም ነው። «እሱ ሞተር ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ይባላል። በዚህ ምክር ፈጽሞ አልስማማም። የሞተሮቹ ዝና ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። እንዲያውም ዝናው እውነት በመሆኑ ነው ገዥውንም ባለቤቱንም የሚያዘናጋው።

ዝናው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የገጠመው 1ኤችዜድ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው የ4.2 ሊትር ሞተር ሲሆን ቱርቦ የለውም። የኒሳን ፓትሮሉ ቲዲ42 በይዘት እኩያው ነው። ሁለቱም ከግዙፍነታቸው አንጻር የሚጠየቁት ጉልበት ትንሽ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ይሠራሉ፤ የናፍጣ ፓምፓቸውም ያለ ኮምፒውተር ይሠራል። እንዲህ የተሠራ ሞተር ቸልተኝነትን ለዓመታት ይችላል። ዘይቱ በጊዜው ባይቀየር ነገ አይቆምም፤ ከነገ ወዲያም አይቆምም። የመጀመሪያው ባለቤት ሳይቀጣ ይሸጠዋል፣ ሁለተኛውም እንዲሁ። ዕዳው የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው፤ እሱም ስሙን ብቻ አምኖ የገዛው ሰው ነው።

ደግሞም ስሙ ለማይገባው ይተርፋል። 80 የሚባለው የላንድክሩዘር ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ1ኤችዲ-ቲ ሞተር ጋር ሲመጣ፣ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚገናኝበት ኩሽኔታ ያለ ጊዜው በማለቅ ይታወቃል። የቶዮታው የ3 ሊትር ሞተር 1ኬዜድ-ቲኢ ከአሉሚኒየም የተሠራ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ከልክ በላይ ከሞቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። በፓትሮል ላይ ቲዲ42ን ተከትሎ የመጣው ዜድዲ30 በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፒስተን በማቃጠል ስሙ ጎድፏል። እንግዲህ «ላንድክሩዘር ነው»፣ «ፓትሮል ነው» ማለት ስለ ሞተሩ ብዙ አይናገርም። እነዚህ ሦስቱም ቢሆኑ በአግባቡ ከተያዙ ሩቅ ይሄዳሉ። በአግባቡ መያዛቸው የሚታወቀው ግን ከስማቸው ሳይሆን ከመኪናው ላይ ነው።

የነዚህ ሞተሮች ዋና ገዳይ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ከራዲያተሩ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን ይክፈቱ። ቀለሙ የጠራ ኩላንት ካዩ ጥሩ ነው። የዝገት ቀለም ያለው ውኃ ካዩ፣ ባለቤቱ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲሞላ ኖሯል ማለት ነው። ኩላንት ውኃው በረዶ እንዳይሆን ብቻ የሚጨመር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የመፍሊያውን የሙቀት መጠንም ከፍ ያደርጋል፣ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል። በባዶ ውኃ የኖረ ራዲያተር ቀጫጭን ቱቦዎቹ በዝገትና በደለል ይደፈናሉ። በሜዳ ላይ ምንም አይሰማውም፤ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ሲወጣ ግን ጉዱ ይታያል። ውኃው ላይ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈ ደግሞ ነገሩ የቴስታታ ጥገና ሊሆን ስለሚችል ስለ ዋጋ መነጋገር ያብቃ።

ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) በቦታው መኖሩንም ይጠይቁ። «እንዳይሞቅ ብለን አወጣነው» የሚል መልስ በጣም ያሳዝነኛል። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር የሚገባውን ሙቀት ስለማይደርስ ቶሎ ያልቃል፣ ናፍጣም ይበላል። ከዚያ የከፋው ግን አንድ ሰው የሙቀት ችግር አይቶ ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ መሸፈኑ ነው። የሙቀት ጠቋሚውንም ሙሉ በሙሉ አይመኑ። ውኃው ፈስሶ አልቆ የሚለካው አካል በአየር ውስጥ ከቀረ፣ መርፌው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ሹፌሩ «ቀዘቀዘልኝ» ብሎ የሚቀጥልባቸው እነዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ናቸው ቴስታታውን የሚጨርሱት።

ቀጥሎ ሞተሩ ሲነሣ ማየት ነው፤ ይህም ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካደረ በኋላ መሆን አለበት። ሲደርሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ከሞቀ፣ ሻጩ እርስዎ እንዲያዩት ያልፈለገው ነገር ሊኖር ይችላልና በሌላ ቀን ማለዳ ይመለሱ። ሲነሣ ትንሽ ነጭ ጭስ ታይቶ ቢጠፋ አያስደነግጥም። የማይጠፋ ነጭ ጭስ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን፣ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ወይም የኮምፕሬሽኑን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የአየር እመቃ) ድካም ይናገራል፤ ሰማያዊው ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ከዚያም ሞተሩ በዝግታ እየዞረ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ገልብጠው አፉ ላይ ያስቀምጡት። በዝግታ ከተንቀጠቀጠ ችግር የለውም። እየዘለለ ከወደቀና ጭስ ከታች ከተነፈሰ፣ ግፊቱ በፒስተኖቹ ጎን እያመለጠ ነውና ሙሉ የሞተር እድሳት ቀርቧል።

ሞተር ይታደሳል፤ የበሰበሰ ሻንሲ ግን እንደዚያ አይደለም። ከስር ገብቶ የማያይ ገዥ መኪናውን አላየውም ብል ማጋነን አይሆንም። በአሮጌ ሻንሲ ላይ ትኩስ ጥቁር ቀለም ሲያዩ አይደሰቱ፤ በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ያዳምጡ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል።

የአራት ጎማው ኃይል የሚተላለፍበት ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል። የሞቀ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ማርሽ) ድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነም በጎማ ማኅተሞቹ በኩል ውኃ ይስባል። የዲፈረንሻሉን ዘይት ጥቂት አፍስሰው ይዩት፤ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። የፊት ጎማዎቹ በማርሽ ምርጫ በሚታሰሩባቸው መኪናዎች ደግሞ፣ አራቱን ጎማ አስሮ በደረቅ አስፋልት መንዳት ዘንጎቹንና ጥርሶቹን ይጎዳል። የፊትና የኋላ ጎማ በመታጠፊያ ላይ የሚሄዱት ርቀት አይመሳሰልም፤ ልዩነቱን አሸዋና ጭቃ ያሳልፉታል፣ አስፋልት ግን አያሳልፈውም።

ስለ ታይሚንግ ቤልት፣ ማለትም ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጣጥመው እንዲሠሩ ስለሚያደርገው ቀበቶ፣ አጭር ነገር ልበል። በ1ኤችዜድ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ፣ በአንዳንድ አገሮች በየ150,000ው ይቀየራል። ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራት አለው፤ ያ መብራት ግን ቤልቱ ሳይቀየር ሊጠፋ ይችላል። ቲዲ42 በጥርስ ስለሚዞር ይህ ጣጣ የለበትም። ቤልት ባለው ሞተር ላይ የመቀየሪያ ደረሰኝ ካልቀረበልዎ ቤልቱ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩትና ከመንዳትዎ በፊት ያስቀይሩ፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር ያጋጫል። የናፍጣ ፊልትሮም እንዲሁ ነው። ፓምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ፣ ውኃና ቆሻሻ ከገቡበት ጥገናው ከብዙ ፊልትሮዎች ዋጋ ይበልጣል።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለመኪናው የሚከፍል ሰው ተሳስቷል ባይ ነኝ። ቢያንስ አምስተኛው እጅ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥገና ይቀመጥ፦ ለዘይቶች ሁሉ፣ ለፊልትሮዎች፣ ለቤልት፣ ለራዲያተር ቱቦዎች፣ ለፍሬን። ያ የማይቻል ከሆነ ርካሽ ግን በሚገባ የተያዘ መኪና ይሻላል። ኑሮው በአስፋልት ላይ ብቻ የሆነ ሰውም ይህን ዓይነት መኪና ለምን እንደሚፈልግ ደጋግሞ ያስብበት፤ ከባድ ነው፣ ቁመቱ ለመገልበጥ ያጋልጠዋል፣ ብዙዎቹ ኤርባግ የላቸውም።

የጭሱ ነገር የሌሎች ሰዎችም ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። አሮጌዎቹ ሞተሮች ጥላሸት የሚያጣራ ነገር የላቸውም። ቢሆንም ጥቁር ጭስ የእድሜ ግዴታ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ካለቀ ኖዝል፣ ወይም ጉልበት ይጨምራል ተብሎ ከልኩ በላይ ከተከፈተ ፓምፓ ነው። ሦስቱም ጋራዥ ውስጥ ይስተካከላሉ፤ ከኋላው የሚራመደውን ሰው በጥቁር ጭስ እያፈነ «ጉልበተኛ ነው» የሚል ባለቤት መኪናውን ዛሬውኑ ወስዶ ያስተካክል።