መብትን ሸምድዶ ጎማ መቀበል

ደሴ ውስጥ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አስቁሙና ሕገ መንግሥቱ ስንት አንቀጽ እንዳለው ጠይቁት። 106 ይላችኋል። ምዕራፉስ? 11። መቼ ጸደቀ? ኅዳር 29 ቀን 1987። ፈተና ላይ ስለሚመጣ ሸምድዶታል። ቀጥላችሁ «እሺ፣ አንተን ራስህን የሚመለከት አንድ አንቀጽ ንገረኝ» በሉት። ዝም ነው።

በልጁ አልፈርድም። ማን ነገረው?

አንቀጽ 36 የሚያወራው ስለ ሕፃናት ነው። ንዑስ አንቀጽ 1 ፊደል ሠ ላይ፣ ሕፃን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳና ጭካኔ ካለበት ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይናገራል። «ትምህርት ቤት» ብሎ ስም ጠርቶ ነው የተጻፈው፣ ለትርጉም ክርክር አይመችም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ በር እንምጣ። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ከሰኞ ገበያ ባጃጅ ማግኘት ራሱ ትግል ነው። ልጅቷ ትንሽ ታረፍዳለች። በሩ ተዘግቷል። የተማሪዎችን ሥርዓት የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር የመግረፊያ ጎማውን ይዞ ቆሟል። እጅሽን ዘርጊ። ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ፣ ከዚያ ተንበርከኪ። ጠጠሩ ጉልበቷ ላይ እንደተጣበቀ ክፍል ስትገባ ፔሬዱ የዜግነት ትምህርት ነው፤ ሰሌዳው ላይ «ሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ እሷም በቀላው እጇ ትገለብጣለች። መብት ደብተር ላይ የሚቀር ነገር መሆኑን የምትማረው ያን ጊዜ ነው፤ ደግሞ በደንብ ነው የሚገባት።

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለኝ አይጠፋም። ወላጅ ራሱ መጥቶ «ቀጥቅጣችሁ አስተምሩልኝ» የሚልበት አገር ነው። ቤት ውስጥ ያለውን እንተወው፣ የወንጀል ሕጉም ለአስተዳደግ ሲባል በተገቢው መጠን የሚሰጥን ቅጣት አይከለክልም። ትምህርት ቤት ግን ሌላ ነው። ስልሳ ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሥርዓት ማስያዝ ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ፣ የመምህሩ ደመወዝ ደግሞ የወሩን አጋማሽ አያሻግርም። እሱም ቢሆን ጎማውን ሕጋዊ አያደርገውም። ያረፈደ ተማሪ ወላጅ ያምጣ፣ ከሰዓት ቀርቶ ግቢ ያጽዳ። ሌላ መንገድ ሞልቷል።

ሁለተኛው ጣጣ ፍርሃት ነው። ትምህርቱ ሥነ ዜጋ ይባል በነበረበት ጊዜ መምህሩን ተማሪው «ካድሬ» ይለው ነበር፤ አንዳንዱም ስሙ ይገባው ነበር። አንቀጽ 90 ትምህርት ከፖለቲካና ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል፣ ማን ያነበዋል እንጂ። ዛሬ መምህሩ የሚፈራው ጥያቄ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሥራ ላይ ሳለ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አሁን አንቀጽ 32 ይሠራል?» ብሎ ስለ መዘዋወር መብቱ ቢጠይቅ ምን ይመለስለት ነበር? ብዙው መምህር «ወደ ትምህርታችን እንመለስ» ነው የሚለው። ትምህርቱ እኮ እሱ ነው! መልሱም እዚያው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ መብት ሊታገድ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ግን ከማይነኩት መካከል አንቀጽ 18ን ያስቀምጣል፣ ማለትም ሰው በማንኛውም ጊዜ ኢሰብዓዊ አያያዝ ሊደርስበት አይገባም። አንቀጽ 25፣ የእኩልነት መብትም እንዲሁ። ይህን ለማስረዳት ማንንም መደገፍ ወይም መቃወም አይጠይቅም። ማንበብ ብቻ ነው።

አንቀጽ 19ንም እንዲሁ። ፖሊስ የያዘው ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ያለመናገርም መብት አለው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ ሊፈልግ ለሚወጣ የ18 ዓመት ልጅ ይሄ ከአንቀጾቹ ብዛት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ለምን የትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ክፍል ውስጥ ገብቶ ከሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት፣ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ካለው ጋር አይነበብም? የተማሪዎች ፓርላማ የሚባል ነገር አለ አይደል፣ ብዙ ጊዜ ስለ ጽዳትና ስለ ችግኝ የሚያወራ። የቅጣቱን ነገር እነሱ አጀንዳ ያድርጉት። ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማውን የደንቡን አንቀጽ ለይተው ለርዕሰ መምህሩ በደብዳቤ ያቅርቡ፣ እሱም በማኅተም መልስ ይስጣቸው።