ኖርማን ሎይድ ከዕድሜው ርዝመት ባሻገር

አሜሪካዊው የመድረክና የፊልም ተዋናይ ኖርማን ሎይድ በ2021 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ106 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ስለ እሱ የተጻፉት አብዛኞቹ መታሰቢያዎች በሁለት ነገሮች ላይ አተኩረው ነበር፤ አንደኛው የዕድሜው ርዝመት፣ ሌላው ደግሞ በ1942 በዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳቦተር» ፊልም ከነጻነት ሐውልት ችቦ ላይ የወደቀበት ትዕይንት። ሁለቱም ሊነገሩ የሚገባቸው ቢሆኑም ሰውየውን ያሳንሱታል። በእኔ እምነት ከ80 ዓመት በላይ በዘለቀው የሙያ ሕይወቱ ትልቁን ቦታ ሊይዝ የሚገባው ተመልካች እምብዛም ፊቱን ያላየበት፣ ከ1957 እስከ 1965 ለሂችኮክ የቴሌቪዥን ድራማዎች በፕሮዲውሰርነት የሠራበት ዘመን ነው። ያን ጊዜም ትወናን ጥሎ አልሄደም፤ በአጃቢ ገጸ ባሕርያት ያካበተውን ችሎታ በሌላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሠራበት እንጂ።

ሎይድ በኒው ጀርሲ ተወልዶ በብሩክሊን ያደገ ሲሆን፣ በ1932 ኢቫ ለ ጋሊየን ትመራው ወደነበረው የኒው ዮርክ ሲቪክ ሪፐርተሪ ቴአትር በተለማማጅነት ገባ። ከዚያም በኢኮኖሚው ቀውስ ሥራ ላጡ የቴአትር ባለሙያዎች መንግሥት ደመወዝ እየከፈለ በሚያሠራበት የፌዴራል ቴአትር ፕሮጀክት ውስጥ፣ የዕለቱን አንገብጋቢ ጉዳዮች ወደ መድረክ ያወጣ የነበረውን «ሕያው ጋዜጣ» የተሰኘ ክፍል ተቀላቀለ። ይህ ክፍል መጀመሪያ ያዘጋጀው ሥራ ርእሱ «ኢትዮጵያ» ነበር። የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ የሚያሳየው ይህ ቴአትር በ1936 መጀመሪያ ለሕዝብ ሊቀርብ ሲል፣ የውጭ አገር መሪዎች በመንግሥት ገንዘብ በሚሠራ መድረክ ላይ እንዳይታዩ ከዋሽንግተን ትእዛዝ በመምጣቱ ታገደ፤ የኒው ዮርኩ ኃላፊ ጸሐፌ ተውኔት ኤልመር ራይስም በተቃውሞ ሥራውን ለቀቀ። ሎይድ ከዚያ በኋላ በቀረቡት የክፍሉ ሥራዎች ተውኗል፤ በአንደኛው አጫዋች፣ በሌላኛው ደግሞ የኤሌክትሪክ ሂሳቡ ግራ ያጋባው ተራ ደንበኛ ሆኖ።

አዲስ አበባ በዚያው ወራሪ ጦር እጅ በነበረችበት በ1937፣ ኦርሰን ዌልስና ጆን ሃውስማን የመሠረቱት መርኩሪ ቴአትር የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሳር» የፋሺስቶችን አለባበስ በሚያስታውስ ልብስ ለመድረክ አበቃ። ሎይድ የወሰደው ሲና የተባለውን ባለቅኔ ነበር፤ ስሙ ከአንዱ ሴረኛ ስም ጋር በመመሳሰሉ ብቻ በሕዝብ መንጋ የሚገደል፣ በጥቂት መስመሮች የሚያልቅ ገጸ ባሕርይ። ሎይድ የሠራው ሲና ከኪሱ ግጥሞቹን እያወጣ ማንነቱን ለማስረዳት ሲጣጣር መንጋው በዙሪያው እየጠበበ ይሄዳል፤ ብዙ አዘጋጆች አሳጥረው የሚያልፉት ትዕይንት የዚያ ምሽት መነጋገሪያ ሆነ።

በ1939 ከዌልስ ጋር ወደ ሆሊዉድ ቢያቀናም፣ የታሰበው ፊልም በበጀት ምክንያት ሲሰረዝ ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ፤ የቀሩት ባልደረቦቹ ግን የዌልስን ዝነኛ ፊልም «ሲቲዝን ኬን»ን ሠሩ። ሎይድን ወደ ፊልም ያስገባው በሃውስማን አማካይነት የተዋወቀው ሂችኮክ ነው። ያ የታወቀው አወዳደቅም በመውደቅ የተቀረጸ አልነበረም፤ ሎይድ በስቱዲዮ ውስጥ ከወለሉ ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ እጅና እግሩን ሲያወራጭ፣ ካሜራው ከፊቱ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው ተመነጠቀ፤ ከሥሩ የሚታየው ምስል በኋላ ተጨመረ። ያለ ሙዚቃ የሚታየው፣ ከመውደቁ በፊት የተያዘበት የእጅጌ ስፌት መተርተር ዛሬም ትንፋሽ ያስይዛል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሆሊዉድ በግራ ዘመምነት የጠረጠራቸውን ሰዎች ሥራ ሲነፍግ፣ የሎይድም በር እየተዘጋ ሄደ። በ1957 ሂችኮክ ለተከታታይ ድራማው ረዳት ፕሮዲውሰር አድርጎ ሊቀጥረው ሲጠይቅ፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያው በኩል ሎይድ ችግር ያለበት ሰው ነው የሚል መልስ መጣ። ሂችኮክ «እፈልገዋለሁ» አለ፤ ነገሩም እዚያው አበቃ። ይህን ሎይድ ራሱ በምስጋና ደጋግሞ ተርኮታል፤ ምስጋናውም ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ታሪኩ ስለ ሂችኮክ ደግነት ብቻ ተደርጎ መነገሩ ነው። አንድ ኃያል ዳይሬክተር በአንድ ቃል ሊያፈርሰው የቻለ እገዳ መጀመሪያውኑ የተመሠረተበት ማስረጃ ምን ነበር? ተመሳሳይ ቃል የሚናገርላቸው ያጡት ባለሙያዎችስ ምን ያህል ዓመት ባከነባቸው?

ሥራው የሚጠይቀው በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ፣ አዲስ ተዋንያንና አዲስ ዓለም ለግማሽ ሰዓት መፍጠር ነበር፤ ከ1962 ጀምሮ ደግሞ ለአንድ ሰዓት። ሎይድ ከድራማው ፕሮዲውሰር ከጆአን ሃሪሰን ጎን ሆኖ ፕሮዲውስ ከማድረጉ ባሻገር አንዳንዶቹን ራሱ ዳይሬክት አደረገ። በእንዲህ ያለ አጭር ድራማ ውስጥ በር ከፍቶ የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ለማስረዳት ጊዜ የለም፤ ተዋናዩ ታሪኩን ይዞት መግባት አለበት፤ ይህን ደግሞ በአጭር ሚና ከኖረ ሰው የበለጠ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

በ1960 ዳይሬክት ያደረገውን አንዱን ክፍል ልጥቀስ። ስቲቭ ማክዊን የሲጋራ መለኮሻው አሥር ጊዜ በተከታታይ እንደሚበራ ከፒተር ሎሬ ጋር ይወራረዳል፤ ካሸነፈ መኪና ያገኛል፣ ከተሸነፈ ትንሿ ጣቱ ትቆረጣለች። ሁለት እንዲህ ያሉ ተዋንያን በእጁ እያሉ፣ የታሪኩ መቋጫ የሚሰጠው ግን መጨረሻ ላይ ለምትገባው ለካትሪን ስኳየር ነው፤ ውርርዱን አቋርጣ ሎሬ የሚጫወተውን ሰው ታሪክ ታስረዳለች፣ ከዚያም ጣቶቿ የተቆረጡበትን እጇን ትዘረጋለች። ሎይድ በዚህ ጊዜ ለዝነኞቹ ሲል ትዕይንቱን አያጣድፍባትም፤ ካሜራውን ለእሷ ይተውላታል። ባለቅኔው ሲና በጥቂት መስመሮች ያገኘውን ቦታ ለሌላ ተዋናይ መስጠት ማለት ይህ ነው።

ወደ ትወናው ሙሉ በሙሉ ሲመለስም ዕድል ያገኘው በትንሽ ሚና ነው። በ1982 በጀመረው «ሴንት ኤልስዌር» የሆስፒታል ድራማ በጉበት ካንሰር የሚሠቃየውን ዶክተር ኦሽላንደርን ሲይዝ፣ ገጸ ባሕርዩ ከአራት ክፍሎች በኋላ እንዲሞት ታስቦ ነበር፤ ድራማው በ1988 እስኪያበቃ ድረስ ግን አብሮ ቆየ።