ምንም ሳያውቁ ሄደው ሁሉን አውቀው ለሚመለሱ መንገደኛችን የቀረበ ውዳሴ

ወደ ሰው አገር ከመሄድ በፊት ስለ አገሩ ታሪክና ስለ ነዋሪዎቹ ማንነት ጥቂት ማንበብ ይገባል እያሉ የሚመክሩ ሰዎች አሉ። ምክራቸው ከቅንነት የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው ሄዶ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል፣ ሲጠየቅም «ነገሩ እንደሚወራው ቀላል አይደለም» ብሎ ጨዋታ ያቀዘቅዛል። እኔ ዛሬ ላመሰግን የተነሣሁት ከቦሌ ተነሥተው፣ አራት ሰዓት ገደማ በርረው ዱባይ ሲያርፉ ስለ አገሩ አንዲት ነገር የማያውቁትን፣ በሳምንቱ ሲመለሱ ግን ያለፈውንም የሚመጣውንም ዘመኑን የሚተነትኑትን ክቡር መንገደኛችንን ነው።

ያለ ዝግጅት ይሄዳሉ ብሎ የሚያማቸው ቢኖር ሐሜተኛ ነው። ትርፍ ኪሎ ስንት እንደሚያስከፍል፣ የእህታቸው ልጅ ያዘዘችው ስልክ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ጎረቤታቸው የምትፈልገው ሽቶ ጠርሙሱ ምን እንደሚመስል በቃላቸው ይዘዋል። ይህን ሁሉ በተሸከመ ጭንቅላት ላይ ዱባይ ያለችበትን አገር፣ የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶችን፣ ያቆሙትን የሰባት ኤሚሬቶች (በየራሳቸው ሼክ የሚገዙ ግዛቶች) ስም መጨመር ግፍ ነው። ብሪታንያ በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባሕረ ሰላጤው እንደምትወጣ ስታስታውቅ የአቡ ዳቢው ሼክ ዛይድና የዱባዩ ሼክ ራሺድ ለመዋሐድ ተስማሙ፤ ባሕሬንና ኳታር ከድርድሩ ገብተው በኋላ የየራሳቸውን መንገድ መረጡ፤ ስድስቱ ዲሴምበር 2 ቀን 1971 አገር ሲመሠርቱ ራስ አል ኸይማ ወራት ዘግይታ በ1972 ተቀላቀለች። ይህ ለመንገደኛችን ምን ይፈይዳል? እርሳቸው የአራት ዓመቱን ድርድር አሳጥረው አገሩም ዱባይ፣ ዋና ከተማውም ዱባይ በማለት ገላግለውታል። አቡ ዳቢ የሚል ጽሑፍ በአውራ ጎዳና ሰሌዳ ላይ ማየታቸውን አይክዱም፤ የዱባይ ክፍለ ከተማ ሳትሆን አትቀርም።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን ቁጥብነታቸውን ነው። እኚህ ሰው አዲስ አበባ ሳሉ ፌዴሬሽን ይበጃል አይበጅም፣ የማዕድን ገቢ የማን ነው፣ ክልል በራሱ ሕግ እስከ ምን ድረስ ይሄዳል እያሉ ድራፍታቸው እስኪሞቅ የሚከራከሩ ናቸው። ከዚያ ተነሥተው የየኤሚሬቱ የተፈጥሮ ሀብት የዚያው ኤሚሬት ንብረት ነው ብሎ ሕገ መንግሥቱ የደነገገበት፣ በነዳጅ የከበረችው አቡ ዳቢ ያን ያህል ካልታደሉት ታናናሾቿ ጋር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረችበት ፌዴሬሽን ውስጥ ይገባሉ፤ ይገቡናም አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ በክብር ይመለሳሉ። ክርክሩ ለአገር ቤት የተቀመጠ ስለሆነ ባዕድ ማስረጃ እንዲያበላሸው አይፈቅዱም።

አንድ ጊዜ ብቻ ፌዴሬሽኑ ራሱ ክፍላቸው ድረስ መጥቶባቸዋል። ሆቴል ይረክሳል ተብለው በሌላዋ ኤሚሬት በሻርጃ ያርፉና ከአውሮፕላን ማረፊያ የገዙትን ውስኪ ጠረጴዛ ላይ አቁመው በረዶ ቢያዝዙ፣ በረዶውን ያመጣው ልጅ ፊቱ ተለዋውጦ ጠርሙሱን በፎጣ ሸፈነው። በሻርጃ መጠጥ ክልክል መሆኑን፣ አጠገቧ ባለችው ዱባይ ግን በፈቃድ እንደሚሸጥ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሊያስረዳቸው ሞከረ። መንገደኛችን ወዲያው የልጁን ነገር ደረሱበት፤ አክራሪ ነው። ልጁ ኔፓላዊ ነው፤ ግንባሩ ላይ የጸሎቱ ቀይ ምልክት ገና አልደረቀም።

በማግሥቱ ዱባይ ውስጥ ካለው ዴራ ገበያ ገብተው ባለ ሱቁን ሁሉ «ያ ሐቢቢ» እያሉ በዐረብኛ ይከራከራሉ። ከጠረጴዛው ወዲያ የቆመው የሕንድ ኬራላ ሰው በበኩሉ «ጋሼ፣ መቶ ሃምሳ፣ የመጨረሻ» ብሎ በአማርኛ ይመልስላቸዋል። ሰውየው እኛን አጥንቶናል፤ ቁጥራችንን፣ አከራከራችንን፣ ዓውዳመታችን ሲቃረብ የትኛው ዕቃ እንደሚፈለግ ያውቃል። እርሳቸው ግን በዚያ አገር ከሚኖረው ሕዝብ ዜጋው ከአሥር አንድ ገደማ መሆኑን፣ ያ ገበያ እስከ 1966 ድረስ የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ ባወጣው ሩፒ ይገበያይ እንደነበረ አይሰሙም። ቤታቸው ሲገቡ «አረቦቹን በደንብ አውቃቸዋለሁ» የሚሉትም ስለዚህ ነው፤ ከአንዱም ጋር አለመነጋገራቸው ለዕውቀታቸው ጥራት ጠቅሞታል።

ረጅሙን ሕንፃ ቡርጅ ከሊፋን በተመለከተ ብዙ አልልም። 828 ሜትሩን ከነጫፉ በአንድ ፎቶ ለማስገባት የማያውቁትን ሰው አስፋልት ላይ አስተኝተዋል። ሕንፃው እስከ ምረቃው ቀን ድረስ ቡርጅ ዱባይ ይባል እንደነበረ፣ ዱባይ በዕዳ ተይዛ አቡ ዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር ከደረሰችላት ከሳምንታት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2010፣ በወቅቱ የአቡ ዳቢ ገዥ በነበሩት በሼክ ከሊፋ ስም መጠራቱን ቢያውቁ ኖሮ ፎቶው ላይ ያን ፈገግታ ባላገኘን ነበር።

የልፋታቸው ሁሉ ፍሬ የሚታየው ዘመድ «እንኳን ደህና ገቡ» ሊል በተሰበሰበበት ምሽት ነው። «ከሃምሳ ዓመት በፊት እኮ አሸዋና ግመል ብቻ ነበር፤ እኛ ይሄው ሦስት ሺህ ዓመት ይዘን ቁጭ!» ይላሉ። ይህችን አረፍተ ነገር ጥቂት ንባብ ቢነካት ትበላሻለች። በፋርስ ጠረፍ ያለችው የሊንጋ ወደብ ነጋዴዎች የፋርስን ቀረጥ ሸሽተው ቀረጥ ወዳነሣችው ዱባይ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ መሻገራቸውን፣ አገሩ በዕንቍ ጠላቂዎች ትንፋሽ ይኖር እንደነበረና የጃፓን የዕርባታ ዕንቍ በ1930ዎቹ ገበያውን እንደሰበረው፣ ዱባይ ነዳጅ በ1966 ከማግኘቷ በፊት ከኩዌት ተበድራ የባሕር ወሽመጧን ማስቆፈሯን የሚያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ «አሸዋ ብቻ» ይላል? ይህ ሁሉ በአንድ ድርሃም የእንጨት ጀልባ ከዴራ ተሻግሮ በሺንዳጋ ሙዚየም የሚታይ ነገር ነው፤ መንገደኛችን ግን ድርሃሟን ለፌስታል አውለዋታል።

በዚያ ምሽት ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው የአክስታቸው ልጅ በአቡ ዳቢና በሻርጃ በሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ ዐረብኛውን ከነዘዬው፣ የቤተሰቡን ዝምድና ከነጎሣው ታውቃለች። «አይ ጋሼ፣ ዋና ከተማውስ...» ብላ ስትጀምር መንገደኛችን በፍቅር ያቋርጧታል፤ «አንቺማ ከማድ ቤት መቼ ወጥተሽ ታያለሽ!» ዘመድ ይሥቃል፤ ሁለተኛው ቡና ይቀዳል።

ደስ የሚለው ዜና ዕውቀታቸው በአንድ አገር ተወስኖ የማይቀር መሆኑ ነው። በሚመጣው ዓመት ወደ ቱርክ ሊጓዙ አስበዋል፤ ዋና ከተማዋን ኢስታንቡልን ለማየት ቸኩለዋል።